የጤና ባለሙያው ዝለት የጽናት ማነስ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሙያው ውስጥ ባለን ሰዎች መካከል በሰፊው ሲነበብ ሰንብቷል። ጸሐፊው ለረጅም ዘመን በሆስፒታል አስተዳደር ያገለገሉ መሆናቸውን ገልጸው፣ ባለሙያው ዛሬ የሚያሰማው ብሶት መነሻው የሥራው ሁኔታ ሳይሆን የትውልዱ የጽናት ማነስ ነው ከሚል መደምደሚያ ደርሰዋል። ክርክራቸው በስድስት ነጥቦች ላይ የቆመ ነው። ሕክምና በመሐላ የሚገባበት የመሥዋዕትነት ሙያ ነው፤ የሥራ ዝለት ወይም በርንአውት የሚባለው ነገር ከሀብታም አገሮች የመጣ ነው፤ ረጅም ዲዩቲ፣ ማለትም ሌሊቱን ጨምሮ በተከታታይ የሚሠራ ተረኛነት፣ ሐኪምን ሐኪም የሚያደርግ ትምህርት ቤት ነው፤ መፍትሔው የጽናት ሥልጠና መስጠትና ከከባድ ሞት በኋላ ሠራተኛውን ሰብስቦ ማናገር ነው፤ የአእምሮ ሕመም ያለበት ባለሙያ ለበላይ ኃላፊው የማሳወቅ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ በመጨረሻም ድሃ አገር ከበሽተኛው አስቀድማ ለሐኪሙ የምታወጣው ገንዘብ የላትም።

ጽሑፉ በቅንነት እንደ ተጻፈ አልጠራጠርም። የሆስፒታል ኃላፊ የነበረ ሰው ስለ ሠራተኛው አእምሮ ጤና በይፋ መጻፉ በአገራችን ብዙም ያልተለመደ ስለሆነ ሊመሰገኑበት ይገባል። ነገር ግን ከስድስቱ ነጥቦች አብዛኞቹን እስካሁን የተሠሩት ጥናቶች አይደግፏቸውም፤ አንዳንዶቹም በሥራ ላይ ቢውሉ ሊረዱት የታሰበውን ሰው ይጎዳሉ። እኔም በማስተማሪያ ሆስፒታል ከሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚሠለጥኑ ሐኪሞች) እና ከኢንተርኖች (ገና በተግባር ልምምድ ላይ ካሉ ጀማሪ ሐኪሞች) ጋር የምሠራ ሐኪም በመሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በመሐላው እጀምራለሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት በመሐላ ወደ ሙያው የገባ ሰው ስለ ራሱ ድካም ሊናገር አይገባውም። የዓለም የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው የጄኔቫ ቃል ኪዳን ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ቺካጎ ላይ ሲሻሻል አንድ አዲስ ግዴታ ተጨምሮበታል፤ ሐኪሙ የላቀ ሕክምና መስጠት ይችል ዘንድ የራሱን ጤና፣ ደኅንነትና ብቃት እንደሚጠብቅ ይምላል። ስለዚህ መሐላውን የሚጠቅስ ሰው ሙሉውን መጥቀስ አለበት። የሐኪሙ ጤና በዚያ ቃል ኪዳን ውስጥ የገባው ለሐኪሙ በመራራት ብቻ ሳይሆን በሽተኛው የሚያገኘው ሕክምና በእሱ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው።

የመሥዋዕትነት ጉድለት አለ ከተባለም የት ቦታ እንደ ጎደለ ሊነገረን ይገባ ነበር። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ክትባት ገና ሳይኖር፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና በሚሌኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከላት ከቤተሰባቸው ተለይተው የሠሩት እነዚሁ ጽናት ጎደላቸው የተባሉት ነርሶች፣ ሐኪሞችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ግንቦት ወር 2021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 115,000 የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። በሰሜኑ ጦርነት ደግሞ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት ውስጥ በመደበኛ ሁኔታ ሲሠሩ ያገኘው 13 በመቶውን ብቻ ነበር፤ በአማራና በአፋርም ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ በሽተኛ ሲያክሙ ቆይተዋል። ከእነዚህ ሰዎች ፊት ቆሞ ስለ መሥዋዕትነት ማስተማር የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚሁ ነጥብ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር አለ፤ እኔ ግን ከሁሉ የከበደው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድሩ ጄሜተን የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ምግባር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ነርሶች ሥራ ሲጽፉ፣ ባለሙያው ማድረግ የሚገባውን ትክክለኛ ነገር እያወቀ፣ ተቋሙ በፈጠረበት እንቅፋት ምክንያት ሊያደርገው ሳይችል ሲቀር የሚደርስበትን የኅሊና ጭንቀት ለይተው አሳይተዋል። በእኛ ሆስፒታሎች ይህ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። አዋላጅዋ እናቲቱ ደም እንደሚያስፈልጋት ታውቃለች፤ ደሙ ግን የለም። የሕፃናት ክፍል ሬዚደንቱ አንድ የኦክስጅን መስጫ ብቻ ይዞ ከሁለት ጨቅላዎች አንዱን መምረጥ ይገደዳል። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ከሰው ተበድሮ ከገጠር ለመጣ አባት መድኃኒቱን ከውጭ ገዝተህ አምጣ ብላ ወረቀት ትሰጠዋለች፤ ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ገንዘቡን ሲቆጥር እያየች ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። እነዚህ ሰዎች ቢደክማቸው የደከሙት በሥራ ብዛት ብቻ አይደለም። ሙያቸው ያስተማራቸውንና ቦታው የሚፈቅድላቸውን ነገር በየቀኑ ማስታረቅ አቅቷቸው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ጽናት መድኃኒት ሊሆን አይችልም፤ ይልቁንም ሕመሙ የሚጠናው ለበሽተኛው አብዝቶ በሚያስበው ባለሙያ ላይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ አጭር እሆናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ በርንአውትን ያሰፈረው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው፤ መንስኤውንም በሥራ ቦታ ያለ፣ በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ ጫና ብሎ ገልጾታል። የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ሥራዬ ዋጋ የለውም የሚል ስሜት ሦስቱ መገለጫዎቹ ናቸው። እነዚህን ለማየት ሀብታም አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች በሚሠሩ ባለሙያዎች ላይ ጥናቶች ተሠርተው ታትመዋል። ባህላችንና እምነታችን የመቻልን ጥበብ ያስተምሩናል የሚለውን የጸሐፊውን ሐሳብ ግን በከፊል እቀበለዋለሁ፤ ጸሎት፣ ቤተሰብና ማኅበር ብዙዎቻችንን አቁመውናል። ይሁንና ባህላችን ሐዘንን ብቻህን ቻለው አይልም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ከሥራ ይቀራል። በአንድ ሌሊት ሁለት ሕፃናት በእጇ ላይ የሞቱባት ነርስ ግን የሞት ወረቀቱን ሞልታ፣ አልጋውን አስጠርጋ፣ ሌላ ታማሚ ትቀበላለች። ባህላችን ይከበር ከተባለ ለእሷም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሊሰጣት ይገባል።

ሦስተኛው ነጥብ የዲዩቲ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት ክርክርም ይህ ይመስለኛል። ረጅም ዲዩቲ ሐኪሙ የበሽተኛውን ሁኔታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲከታተል ያስችለዋል፤ ሰዓቱ ካጠረ ርክክብ፣ ማለትም በሽተኛን ከአንዱ ተረኛ ወደ ሌላው ማስተላለፍ፣ ይበዛል፤ ርክክብ በበዛ ቁጥር ደግሞ መረጃ ይጠፋል ይላሉ። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻው እውነት ነው። በርክክብ ላይ የሚጠፋ መረጃ ሰው ይገድላል። መደምደሚያው ግን ከዚህ አይከተልም።

በመጀመሪያ እንቅልፍ ያጣ አንጎል ምን እንደሚሆን እንመልከት። ዶሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም አሽከርካሪ መሪ እንዳይነካ ከሚከለክለው የብዙ አገሮች ገደብ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን ከተማ በአንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕክምና ክፍሎች የተደረገ ጥናት፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚሠሩ ኢንተርኖች ሰዓታቸው ከተቀነሰላቸው ጓደኞቻቸው በ36 በመቶ የበለጠ ከባድ የሕክምና ስሕተት እንደሚፈጽሙ አሳይቷል። በሚቀጥለው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከረጅም ዲዩቲ በኋላ ወደ ቤታቸው የሚነዱ ኢንተርኖች በመኪና አደጋ ላይ የመውደቅ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አረጋግጧል። በእኛ አገር አንድ ኢንተርን ጠዋት ራውንድ (በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛ ማየት) ገብቶ፣ ሌሊቱን ዲዩቲ አድሮ፣ በማግሥቱ ደግሞ እስከ ከሰዓት በኋላ ሥራውን መቀጠሉ የተለመደ ነገር ነው። ይህ ከ30 ሰዓት በላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ላይ የሚያዝዘው መድኃኒት መጠን ትክክል ቢሆን እግዚአብሔር ረድቶት ነው።

ጸሐፊው አላነሷቸውም እንጂ የእሳቸውን አሳብ የሚያግዙ የሚመስሉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሉ፤ እነሱንም መሸሸግ ተገቢ አይደለም። በአሜሪካ በቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትና በውስጥ ደዌ ሬዚደንቶች ላይ ተደርጎ በ2019 የታተመው ጥናት፣ የአንዱን ዲዩቲ ርዝመት ማላላት የበሽተኞችን ሞት እንደማይጨምር አግኝተዋል። ነገር ግን በሁለቱም ጥናቶች፣ ሰዓቱ በላላላቸውም ሆነ ባልላላላቸው ሆስፒታሎች፣ በአራት ሳምንት አማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ መሥራት የተከለከለ ነበር። ይህ ጣሪያ በአሜሪካ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከነሐሴ ወር 2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞችም 48 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥናቶቹ የሚነግሩን በጣሪያ ሥር ሆኖ ሰዓትን ማሸጋሸግ እንደሚቻል እንጂ ጣሪያ እንደማያስፈልግ አይደለም። እኛ የምንጠይቀው ገና ጣሪያውን ነው።

የርክክቡን አደጋ በተመለከተ መልሱ ርክክብን ማስተማር ነው። በዘጠኝ የአሜሪካና የካናዳ የሕፃናት ሆስፒታሎች ለሬዚደንቶች ወጥ የሆነ የቃልና የጽሑፍ ርክክብ ሥልጠና ተሰጥቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም፣ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ፣ ሊወገድ ይችል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ርክክቡን ቆሞ የሚያዳምጥ ሲኒየር ሐኪም ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዙ ክፍሎቻችን ርክክብ የሚደረገው በኮሪደር፣ በጥድፊያ፣ አንዳንዴም በስልክ ነው። ያንን ሳናስተካክል የሰውን እንቅልፍ ማጥፋት የመረጃውን መጥፋት አያስቀረውም።

የሰው ኃይል የለንም የሚለውም ክርክር አንድ የማይገጥም ነገር አለው። በአገራችን ለሕዝቡ ብዛት ያለው ሐኪም እጅግ ጥቂት መሆኑ እርግጥ ነው። ያም ሆኖ ባለፉት ዓመታት ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች በርካታ ናቸው። በአንድ በኩል በር ላይ የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው እያለ በሌላ በኩል በውስጥ ያለው ሰው የሁለት ሰው ሥራ ሲሠራ፣ ይህ የበጀትና የምደባ ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል፤ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ ለባለሙያው በጽናት ስም ሊሰጠው አይገባም።

ወደ አራተኛው ነጥብ፣ ወደ ሥልጠናው እንሂድ። የጽናት ሥልጠና፣ የመዝናናትና የአተነፋፈስ ልምምድ ጥቅም የላቸውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በላንሴት መጽሔት የታተመ ሰፊ ግምገማ በግለሰቡ ላይ ያተኮሩትም ሆኑ በተቋሙ ላይ ያተኮሩት እርምጃዎች የሐኪሞችን ዝለት እንደሚቀንሱ፣ በጥቅሉም ከ54 በመቶ ወደ 44 በመቶ እንዳወረዱት አሳይቷል። በሚቀጥለው ዓመት የታተመ ሌላ ግምገማ ግን ሁለቱን አነጻጽሮ በተቋሙ ላይ የሚደረገው ለውጥ፣ ማለትም የሥራ ሰዓትን፣ የሥራ ክፍፍልንና የቡድን አሠራርን ማስተካከል፣ የበለጠ ውጤት እንዳለው አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ሥራና አእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ በሥራ ቦታው ላይ የሚደረጉ ለውጦችንና የኃላፊዎችን ሥልጠና አካትቷል። ጸሐፊው ሥልጠና ለሠራተኛው ብቻ ይሰጥ ሲሉ ለኃላፊው ሥልጠና የሚያስፈልግ ሆኖ አልታያቸውም፤ የዲዩቲ ሰሌዳ የሚያወጣውና በራውንድ ላይ በሬዚደንቱ ላይ የሚጮኸው ግን ሠራተኛው አይደለም።

ከከባድ ሞት በኋላ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ የሆነውን በዝርዝር እንዲናገር ማድረግ የሚለው ምክር ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል። ይህ አሠራር በአንድ ወቅት በብዙ አገሮች የተለመደ ነበር። በኋላ ግን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ሲሠራበት፣ በአንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ የማናገር ሥራ ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን የሥነ ልቡና ሕመም እንደማይከላከል፣ ከተካተቱት ጥናቶች መካከልም በአንዳንዱ የተናገሩት ሰዎች ካልተናገሩት ይልቅ ብሶባቸው እንደ ተገኙ ታወቀ። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት አደጋ በደረሰባቸው ሰዎች ላይ እንጂ በጤና ባለሙያዎች ላይ ባይሆንም፣ ሰውን ያልሻረ ቁስሉን በአለቃው ፊት እንዲገልጥ ማስገደድ የሚመከር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በምትኩ የሚመክረው የሥነ ልቡና የመጀመሪያ ርዳታ ነው፤ ይኸውም ያለበትን ሁኔታ ማየት፣ መናገር ከፈለገ ማድመጥና ከሚረዳው ሰው ጋር ማገናኘት ነው። ውሃ፣ መቀመጫ፣ ለአንድ ሰዓት የሚተካው ሰውና ደህና ወደ ቤቱ መድረሱን የሚጠይቅ ባልደረባ ከዚህ ይካተታሉ።

ሰብስቦ ማነጋገር በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ቦስተን ውስጥ ኬኔት ሽዋርትዝ በተባሉ በሳንባ ካንሰር በሞቱ የሕግ ባለሙያ ስም እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ማዕከል ያስጀመረው ውይይት ዛሬ በአሜሪካና ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብሪታንያ በብዙ ሆስፒታሎች ይካሄዳል። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ውይይቱ በየጊዜው በቋሚነት ይደረጋል፤ መምጣት በፈቃደኝነት ነው፤ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ የጽዳት ሠራተኛውም እኩል ይቀመጣሉ፤ ማን ምን ስሕተት ሠራ የሚለውም ጉዳይ አይነሣበትም። እንዲህ ያለውን ነገር ጸሐፊው ቢያቀርቡ ኖሮ ከደጋፊዎቹ አንዱ እሆን ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው በሆስፒታል ስላለው ባለሙያ ብቻ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በእግር ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ከሌላ ባለሙያ ርቀው ይሠራሉ፤ እናት ስትሞት ከቤተሰቡ ጋር አብረው የሚያለቅሱትና በማግሥቱ ሪፖርት የሚጽፉት እነሱ ናቸው። ስለ እነሱ የማይናገር የአእምሮ ጤና ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው።

አምስተኛው ነጥብ በጣም ያሳሰበኝ ነው። ጸሐፊው የድብርት ወይም የጭንቀት ሕመም ያለበት ባለሙያ ለበሽተኛ ደኅንነት ሲባል ለሥራ ኃላፊው ማሳወቅ ይገደድ ብለዋል። መነሻቸው ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ42,000 በላይ ሐኪሞችን ያካተተ ግምገማ ዝለት ያለባቸው ሐኪሞች በበሽተኛ ደኅንነት ላይ ጉድለት የመፍጠር ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ነገር ግን ሕመም መኖርና ሥራን መሥራት አለመቻል አንድ አይደሉም። የስኳር ሕመም ያለበት ቀዶ ሐኪም መድኃኒቱን እየወሰደ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ድብርት ያለባትና ሕክምናዋን የምትከታተል ሐኪም ሥራዋን በሚገባ ልትሠራ ትችላለች። ለበሽተኛ አደገኛ የሚሆነው ሕመሙን ደብቆ፣ ሳይታከም የሚሠራው ነው። የማሳወቅ ግዴታ ደግሞ የሚያበዛው ይህንኑ ደብቆ የሚሠራውን ሰው ነው።

ይህ ከግምት የመነጨ አይደለም። ሎርና ብሪን የተባሉት የኒው ዮርክ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በኮቪድ መጀመሪያ ወራት፣ ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ.፣ ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አጥተዋል፤ ቤተሰባቸው እንደ ተናገሩት ርዳታ መፈለጋቸው ቢታወቅ የሙያ ፈቃዴን አጣለሁ የሚል ፍርሃት ነበረባቸው። በስማቸው የተሰየመው ለጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና ድጋፍ የሚያደርግ ሕግ መጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈርሟል። ከዚያም አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች ፌደሬሽን ቦርዶቹ ስላለፈ የአእምሮ ሕመም መጠየቃቸውን እንዲተዉና ሥራን ስለሚያውክ የአሁን ሁኔታ ብቻ እንዲጠይቁ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የ20 አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ግምገማም ሴት ሐኪሞች ራሳቸውን በማጥፋት የመሞታቸው መጠን ከሌላው ሕዝብ በ76 በመቶ እንደሚበልጥ አስታውቋል። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስበት የሙያ ባልደረባ ይህን እያነበበ ከሆነ ለሚያምነው አንድ ሰው ዛሬውኑ ይንገር፤ ሐሳቡ የሚታከም የሕመም ምልክት እንጂ የባሕርይ ጉድለት አይደለም።

በእኛ ሁኔታ ችግሩ ይብሳል። የአእምሮ ሐኪሞቻችን ጥቂቶች ናቸው፤ አማኑኤል ሆስፒታልም ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታላችን ሆኖ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ስለዚህ ርዳታ የሚፈልግ ሬዚደንት በሩ ላይ የሚያገኘው የክፍል ጓደኛውን፣ የቀድሞ መምህሩን ወይም ነገ አብሮት ዲዩቲ የሚገባውን ሰው ሊሆን ይችላል። ካርዱ በሠራተኛው ክሊኒክ ይከፈታል፤ ካርድ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ስሙን ያያል። በዚህ ላይ ለኃላፊ የማሳወቅ ግዴታ ቢጨመርበት የሚመጣ ሰው አይኖርም። ኖርዌይ ለሐኪሞቿ ያዘጋጀችው ቪላ ሳና የተባለው የምክር አገልግሎት ከሥራ ቦታው የራቀና ለአሠሪው ምንም የማያስተላልፍ ነው፤ ወደዚያ ከሄዱት ሐኪሞች መካከል ክትትል በተደረገላቸው ላይ ከአንድ ዓመት በኋላ ሙሉ የሕመም ፈቃድ ላይ ያሉት ከ35 በመቶ ወደ 6 በመቶ ወርደዋል። የኖርዌይን ሀብት ማምጣት አንችልም፤ አሠራሩን ግን ማምጣት እንችላለን። በአንድ ከተማ ሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ በሌላ ከተማ ካለ ሆስፒታል በስልክ ምክር የሚያገኝበት፣ ካርዱም በቁጥር እንጂ በስም የማይከፈትበት ስምምነት መፈራረም ይቻላል።

የመጨረሻው ነጥብ ገንዘብ ነው። ጸሐፊው በዚህ ላይ የደመወዝ ጥያቄና የአእምሮ ጤና መቀላቀል የለባቸውም ይላሉ። ልብ ሰላም አግኝቶ የሚያድረው ግን የቤት ኪራዩ ከተከፈለ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጤና ባለሙያዎች በተለያዩ ክልሎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበት ጥያቄ በደመወዝና በዲዩቲ ክፍያ ላይ ያተኮረ ነበር፤ ብዙዎችም በዚያ ሰሞን ታስረዋል። በእነዚያ ቀናት ሕክምና ያጣውን በሽተኛ አልረሳሁትም። ጥያቄው እዚያ እስኪደርስ ሰሚ ያጣበት ዘመን ግን ለበሽተኛውም ለባለሙያውም መልካም አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን፣ ይህም ዓለምን አንድ ትሪሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስከፍላት ገምተዋል። ድሃ አገር ይህን ኪሳራ ከማንም ይልቅ መሸከም አትችልም፤ አሠልጥና ያበቃችው ነርስ አገር ጥላ ስትሄድ አገሪቱን የሚያስወጣትም ዋጋ እዚህ ላይ ይደመራል።

ደግሞም የሚጠየቀው ሁሉ አዲስ በጀት የሚፈልግ አይደለም። ዲዩቲ ያደረ ሰው በማግሥቱ ከጠዋቱ ርክክብ በኋላ ወደ ቤቱ እንዲሄድ በሰሌዳው ላይ መጻፍ፤ ሰሌዳውን ከወር በፊት አውጥቶ መለጠፍ፤ በዲዩቲ ክፍሉ ንጹሕ አልጋና የሚጠጣ ውሃ ማኖር፤ በሌሊት ፈረቃ ለምትመጣ ነርስ ሰርቪስ ማዘጋጀት፤ በድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ የተቆጣ ቤተሰብን የሚያረጋጋ ጥበቃ ማቆም፤ የቆየውን የዲዩቲ ክፍያ መክፈል፣ ይህኛው እንዲያውም አዲስ ወጪ ሳይሆን የተጠራቀመ ዕዳ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውሳኔ አይጠብቁም፤ የሜዲካል ዳይሬክተሩና የማትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ፊርማ ይበቃቸዋል። ጸሐፊው አሁንም ሆስፒታሎችን እንደሚያማክሩ ጽፈዋል። በሚያማክሯቸው ሆስፒታሎች የአንድ ሬዚደንት የሳምንት ሰዓት ስንት እንደሆነ ተቆጥሮ ይፋ እንዲደረግና ከላይ የጠቀስኩት የ80 ሰዓት ጣሪያ እንኳ ይጸና ዘንድ ድጋፋቸውን እጠይቃለሁ፤ የማይስማሙበትም ምክንያት ካለ ከቁጥሩ ጋር ቢያቀርቡት በደስታ አነበዋለሁ።